ባለወፍጮው የማን ልጅ ነው?

ልጄን ለጋብቻ ለመጠየቅ ከሞጣ የመጡት ሽማግሎች ሦስት ነበሩ። የሁለቱ መልክ ዛሬ ከዓይኔ ጠፍቷል። ሦስተኛው ሊያገባት ያሰበው ልጅ አያት ነበሩ፤ ጥምጥማቸውን ደጋግመው የሚያስተካክሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ፣ ሲናገሩ ግን ቤቱ ሁሉ ጸጥ የሚልላቸው ቄስ። ከሞጣ ቢቸና ሩቅ አይደለም። በዚያ ሰሞን ግን መንገዱ በተኩስ ምክንያት ዛሬ ተከፍቶ ነገ ይዘጋ ስለነበር፣ በዚያ ዕድሜያቸው መምጣታቸው ብቻውን ልጅቷን ምን ያህል እንደፈለጓት ይናገር ነበር።

ቤታችን ከወፍጮ ቤቱ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። ወፍጮው የአያቴ ነበር፣ ከዚያ የአባቴ ሆነ፣ አሁን የማሠራው እኔ ነኝ። ያን ቀን እህል ይዘው የመጡትን ሴቶች ለምኜ መለስኩና ሞተሩን አጠፋሁ። የአባቴ ጆሮ በሞተር ድምፅ ስለደከመ፣ በዚያ ጩኸት ላይ ሽማግሌ ማነጋገር አይሆንለትም። እንግዶቹ በሉ፣ ጠጡ፣ መረቁ። ልጆቹ ተፈቃቅደዋል፤ ሁለቱም አስተማሪዎች ናቸው፣ የተዋወቁትም ደብረ ማርቆስ ሲማሩ ነው። እኔ በልቤ የድግሱን ጤፍ ከየት እንደምገዛ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

ከዚያ ቄሱ፣ «እንግዲህ ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው። ዝምድናው ይቆጠር» አሉ።

ደንብ ነው፤ በሰባት ቤት ውስጥ የሚገናኙ አይጋቡም። የሟቹ ባለቤቴ ወንድም የልጅቷን የአባት ወገን ሳይደናቀፍ ቆጠረ። የእናቴን ወገን እኔው ቆጠርኩ፤ ሴት ልጅ ስትቆጥር ሰምተው ቄሱ ፈገግ አሉ። ተራው የአባቴ ሆነ። አባቴ ራሱን ጠራ፣ አባቱን ጠራ። እዚያ ላይ ቆመ። ረስቶ መስሎኝ ጠበቅኩት። እሱ ግን መሬት መሬት ያያል።

«ከዚያ በላይ አላውቅም» አለ በመጨረሻ። «አባቴ አልነገረኝም። ከሞጣ ሞተር ለመትከል እንደመጣ ብቻ ነው ከሰው የሰማሁት።»

ቄሱ የያዙትን ብርጭቆ መሬት ላይ አስቀመጡና «ከሞጣ?» አሉ። አባቴ አልሰማቸውም፤ ጆሮው ላይ ደገምኩለት። አዎ አለ፣ ከሞጣ።

የራሳቸውን ታሪክ የነገሩን ያኔ ነው። እሳቸው ገና ሕፃን ሳሉ ታላቅ ወንድማቸው፣ ለክህነት ይማር የነበረ ጎረምሳ፣ የሞተር ወፍጮ ከሚተክሉ ሰዎች ጋር ከሞጣ ወጥቶ አልተመለሰም። ሞተ ብሎ ያረዳ የለም፣ አየሁት ያለም የለም። አባታቸው እስኪሞቱ ድረስ ሲያፈላልጉት ኖረዋል። ይህን ሲናገሩ አባቴን ትክ ብለው ያዩት ነበር፤ ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ አቀማመጡን። እኔም ሳላስበው አብሬያቸው ማየት ጀመርኩ። ያን ጊዜ የሁለቱ ሽማግሎች አፍንጫ አንድ መሰለኝ።

«ስሙ አይገጥምም፤ ግን ከቤቱ የጠፋ ሰው ስሙንም ይለውጣል። የእናንተ ባለወፍጮ ወንድሜ ከሆነ እነዚህ ልጆች ወንድምና እህት ናቸው» አሉ ቄሱ። «አልሆነም ደግሞ እሰየው። ግን ሳይታወቅ አንዲት እርምጃ አንሄድም።»

ሲወጡ አባቴን እንደ ባዕድ ሳይሆን እንደ ዘመድ አቅፈው ሳሙት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

እኛ አገር ሰው ሲጨንቀው «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል» ብሎ ይስቃል። በዚያ ሰሞን ግን ቤታችን ውስጥ የሚስቅ አልነበረም። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሮቿን እንደያዘች ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ትቆምና የምታስፈጨውን ሴት ሁሉ ታያለች፤ ከመካከላቸው አንዷ መልስ ይዛ የመጣች ይመስል። አንድ ቀን የሞተሩ ድምፅ እስኪቆም ጠብቃ ወደ እኔ መጣች።

«ደውሎልኝ ነበር» አለችኝ። «አላነሳሁትም። ምን ብዬ ልጥራው?»

አይሆንም፣ አትፍሪ ልላት ፈለግኩ። ግን አላውቅም ነበር። ትከሻዋ ላይ የነበረውን ዱቄት አራገፍኩላትና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

አባቴን ስለ አባቱ የምጠይቀው ከሰዓት በኋላ ወረፋው ሲያልቅ ነበር። አያቴን እኔም ትንሽ አውቀዋለሁ፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሰው ሳይጠራው የማይመጣ ሽማግሌ። አባቴ የነገረኝም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሰው «የማን ልጅ ነህ?» ሲለው «የወፍጮው» ብሎ ያልፍ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፣ ግን ከውጭው በር አልፎ አይገባም፤ አገሩ ይህን ትሕትና ነው ብሎ ያከብረው ነበር። ሲሞት ድንኳኑ ሞልቶ ነበር፤ የሞላው ግን በሚስቱ ዘመዶችና በወፍጮው ደንበኞች ነው። ከእሱ ወገን «ወንድሜ» ብሎ ደረቱን የመታ አንድም ሰው አልመጣም። አባቴ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ተለወጠ። ያን ጊዜ አልጠየቅኩም ነበር አለ፤ አባቱን እንደ ዛፍ እዚያው የበቀለ አድርጎ ነበር የሚያየው።

የቢቸናን ሽማግሎች ዞሬ ጠየቅኩ። ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ በሬዎች ደንብረው ገበያው እንደተበተነ የሚያስታውሱ አገኘሁ። የመጀመሪያውን ዱቄት «ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል» ብለው ለከብት የሰጡ ሰዎች ታሪክም ሰማሁ። ባለወፍጮው የማን ልጅ እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። አንድ ዓይናቸው የጠፋ ዲያቆን፣ «ልጄ፣ እጁ ዱቄት የነካውን ሰው ዘሩን ማን ይጠይቀዋል? ተራህ ደርሷል ካለህ ይበቃል» አሉኝ።

ከዚህ ሁሉ አንድ ፍንጭ ብቻ ቀረልን። አባቴ ልጅ ሳለ ሞተሩ አልነሳ ብሎ አያቴን ሲያንገላታው፣ «የዚህ ሞተር ታላቅ ሞጣ ነው ያለው፤ እሱም እንዲህ ግትር ነበር» ብሎ እንደነበር ትዝ አለው። በሕይወቱ ሞጣን የጠራው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ በሞጣ መጀመሪያ የተተከለው ወፍጮ የማን እንደነበር ማወቅ አለብን አልኩት። አባቴ ትንሽ አሰበና ጋቢውን ጠየቀኝ። አብሬሽ እሄዳለሁ ማለቱ ነበር።

መንገዱ ተከፈተ በተባለበት ጠዋት በሚኒባስ ተነሣን። ሾፌሩ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ከፊት ስላለው መንገድ ይጠይቃል፤ ኔትወርኩ ሲቋረጥበት ደግሞ ከሞጣ የሚመጣ መኪና ሲያይ እጁን አውጥቶ ያስቆማል። ደብረ ወርቅ ላይ ውረዱ ተባልንና ግማሹን ቀን ጥላ ፈልገን ተቀመጥን። አጠገቤ የነበረች ሴት የታመመ ወንድሟን ልትጠይቅ እንደምትሄድ ነገረችኝና እናንተስ አለችኝ። ምን እላታለሁ? ዘመድ ልንጠይቅ ነው አልኳት። ዘመድ እንዳናገኝ እየጸለይኩ ዘመድ ፍለጋ መሄዴ ነበር። አለመድረስን እፈራለሁ፣ መድረስንም እፈራለሁ። አባቴ ምርኩዙን በጉልበቶቹ መካከል አቁሞ ተቀምጧል። ብቻ አንዴ፣ «ወንድምየው ሆኖ ቢገኝ ለልጅቷ ማን ይነግራታል?» አለኝ። እኔ እነግራታለሁ አልኩት።

ሞጣ በደረስን ማግስት ገበያ ወጣን። ወደ ቄሱ ቤት አልሄድንም፤ ሳናውቅ ፊታቸው ላይ መቅረብ ከበደን። ጨርቅ የሚሸጡ አንድ ጠና ያሉ ነጋዴ የመጀመሪያው ወፍጮ የማን እንደነበር ስጠይቃቸው ሳያመነቱ መለሱልኝ። ከድሮ ጀምረው ሞጣ የኖሩ የአንድ ሙስሊም ነጋዴ ነበር፤ ሰውየው ከሞቱ ብዙ ዘመናቸው ነው፣ ወፍጮውም ፈርሷል፣ ሴት ልጃቸው ግን በሕይወት አሉ፣ በዚያው ግቢ ይኖራሉ አሉን። እዚያ ከሄድን የእኛንም የቄሱንም ቤት ነገር የሚያውቅ ሰው እናገኛለን ብዬ አሰብኩ። ከዚያ በላይ የጠረጠርኩት ነገር አልነበረም።

ሴትየዋ በራቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠው አገኘናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ሰው ሲቀርባቸው ጥላውን ነው የሚያዩት። ሰላምታ ሰጠናቸውና ልጃቸው በርጩማ አወጣችልን። ከየት ናችሁ አሉን። ከቢቸና ስላቸው ቢቸና የት ጋ ናችሁ አሉ። ወፍጮ ቤቱ ጋ አልኳቸው።

በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ጠረጉና እጃቸውን ወደ አባቴ ዘረጉ። አባቴ ግራ ገብቶት እጁን ሰጣቸው። በሁለት እጃቸው ይዘው መዳፉን ዳበሱት፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ነኩ።

«አንተስ ሙሉ ነህ» አሉት። «አባትህ ግን በግራ እጁ ሁለት ጣት አልነበረውም።»

አባቴ በጆሮው የሰማውን ማመን አቅቶት ወደ እኔ ዞረ። ሰምቷል፤ እንድደግምለት አልፈለገም። አያቴ ጣቶቹን ያጣው ገና ሳልወለድ፣ ገና ቢቸና ሳይመጣ እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ የት እንደሆነ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ሴትየዋ ግቢው ጥግ ያለውን የድንጋይ ክምር በአገጫቸው አሳዩን። እዚያ ነበር ወፍጮው አሉ። የሞተሩ ቺንጋ፣ ድንጋዩን የሚያዞረው ቀበቶ፣ እጁን ሲይዘው እሳቸው ትንሽ ልጅ ነበሩ፤ ደሙን የጠረጉት በገዛ ቀሚሳቸው ነው።

«ወንድሜ ነው» አሉ። «የእናቴ ልጅ።»

ቀጥለው አባቴን እንዲህ ብለው ጠየቁት፦ «ሥጋ ይበላ ነበር?»

«አይበላም ነበር» አለ አባቴ። «ለፋሲካም ቢሆን አይበላም። አይስማማኝም ይል ነበር።»

ሴትየዋ ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ጎትተው ማልቀስ ጀመሩ። «እስከ መጨረሻው» አሉ ከሻሻቸው ሥር። «እስከ መጨረሻው አልበላም ማለት ነው።»

እኔ ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። አያቴን በልቤ የቄሱ ወንድም አድርጌ ስለመጣሁ፣ ሌላ ነገር ለማሰብ ቦታ አልነበረኝም። ሙስሊሙ ነጋዴ አባቱ ናቸው። ክርስትና የተነሣው ሴት አያቴን ለማግባት ነው። የክርስትና ስም ተሰጥቶታል፣ ልጆቹን አስጠምቋል፣ ቃሉን ጠብቋል፤ ግን ክርስቲያን ያረደውን አንድ ቀን ሳይቀምስ ሞቷል። በመጀመሪያ ትዝ ያለችኝ ልጄ ናት። ዘመድ አይደሉም። ተረፈች። ትንፋሼ እስኪቆራረጥ ደስ አለኝ። ከዚያ አባቴን አየሁት። አንድ ጾም ያላለፈው፣ ከማኅበሩ ጽዋ ቀርቶ የማያውቅ ሽማግሌ፣ እጁ በአክስቱ እጅ እንደተያዘ፣ የሚያይበት ጠፍቶት ድንጋዩን ያያል።

የቀረውን ሴትየዋ ቀስ ብለው ነገሩን። የቄሱ ወንድምና የእሳቸው ወንድም ነፍስ ለነፍስ የተዋደዱ ጓደኛሞች ነበሩ። ተማሪው ከጉባኤ በተፈታ ቁጥር ወፍጮ ቤት መጥቶ ይቀመጣል፤ የሞተሩ ነገር ከድጓው ይልቅ ልቡን ወስዶት ነበር። አባታቸው ሁለተኛ ሞተር ከአዲስ አበባ አስጭነው ልጃቸውን ተቀብለህ ቢቸና ትከለው ብለው ሲልኩት፣ ተማሪው ለቤተሰቡ ሳይናገር አብሮ ተነሣ። መኪናው ዓባይ በረሃ ውስጥ ተበላሽቶ ቆመ። ዕቃ እስኪመጣ ሲጠብቁ ተማሪውን ንዳድ ያዘው፣ እዚያው ሞተ፣ ጓደኛው እዚያው ቀበረው። ወንድማቸው ሞተሩን ይዞ ቢቸና ገባ። ሞጣ ግን ተመልሶ የሟቹን ቤተሰብ ፊት ማየት አልቻለም። የሰው ልጅ አስኮብልሎ በረሃ ላይ ጥሎ መጣ ሊባል ነው። ከዚያ ክርስትና መነሣቱ ሲሰማ አባታቸው ስሙ በዚህ ግቢ አይጠራ አሉ።

«አንድ ጊዜ ብቻ መጣ» አሉ። «በገበያ ቀን፣ ራሱን ሸፍኖ። ይህን ሁሉ የነገረኝ ያኔ ነው። የሟቹን እናት አርጂልኝ አለኝ።»

«መርዶውን ነገሯቸው?» አልኳቸው።

አርድተዋቸው ነበር። እናትየው እህል ሊያስፈጩ ሲመጡ ጥግ ወስደው ነገሯቸው። እናትየው ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው፣ ድምፅ ሳያወጡ፣ እህላቸው ተፈጭቶ እስኪያልቅ አለቀሱ። ከዚያ ለማንም እንዳትናገሪ አሏቸው። ባላቸው ቁጡ ነው፣ ሌሎች ወንዶች ልጆችም አሏቸው፤ ይህ ከተሰማ ደም መመለስ ይመጣል፣ ቢቸና ያለውም የእናንተም ቤት ይጠፋል፣ አንዱን አጥቼ የቀሩትን ነፍሰ ገዳይ አላደርግም አሉ። እስኪሞቱም መርዶ ያልመጣላቸው መስለው፣ ከሚያፈላልጉት ጋር አብረው እያፈላለጉ ኖሩ። እህላቸውን ግን ከዚህ ግቢ ሌላ የትም አስፈጭተው አያውቁም። ሲታመሙ ሴትየዋን አስጠርተው፣ የልጆቼ ቁጣ ሲበርድ ንገሪያቸው አሏቸው።

«እነሱ እስኪሸመግሉ ጠበቅኩ» አሉ ሴትየዋ። «ሲሸመግሉ ደግሞ እኔ ፈራሁ። ዘመኑስ መቼ ተመቸ?»

አባቴ ያኔ ተናገረ። ለቄሱ ዘመድ አለመሆናችንን ብቻ እንንገራቸው፣ የቀረው ይቅር አለ። እኔም ልቤ ወደዚያው አጋደለ። ዝምድናው ቀርቶልን ደም ሊተካው ነበር። ሴትየዋ ግን ቀድመውን ተነሡ። ልጃቸው ጫማቸውን አመጣች። የሟችን አደራ ለእናንተ ድግስ ብዬ አልበላም አሉ።

በአንድ በኩል አባቴ፣ በሌላው እኔ ደግፈናቸው ወደ ቄሱ ቤት ሄድን። በመንገድ ላይ ሰው እየቆመ ያየን ነበር። ቄሱ ግቢያቸው ውስጥ፣ የልጅ ልጃቸው አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ሴትየዋን ሲያዩ ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ በዚያ ግቢ ከታዩ ዘመን ሆኗቸዋል። ሴትየዋ አልተቀመጡም። ለእኛ የነገሩንን ሁሉ ቆመው ነገሯቸው፤ ሳይጨምሩ፣ ሳያለሳልሱ። እኔ የቄሱን እጅ ነበር የማየው። መስቀላቸውን ሙጭጭ አድርገው ይዘዋል።

«እናቴ ታውቅ ነበር?» አሉ ሲጨርሱላቸው።

«ታውቅ ነበር።»

«እኔ እኮ ከመቀሰሴ በፊት ጠመንጃ ይዤ እዞር ነበር። አባቴ ነው ያስያዘኝ። የወሰዱትን ባገኝ ኖሮ...» ብለው ሳይጨርሱት አባቴን አዩት። አባቴ ዓይኑን አላሸሸም። ቄሱ ዞረው ቤት ገቡ፣ በሩንም ዘጉ። ብዙ ቆየን፣ አልወጡም። ልጁ እስከ ግቢው በር ሸኘንና ለአባቴ ምርኩዙን አቀብሎት ወደ አያቱ በር ተመለሰ።

ወደ ቢቸና ስንመለስ አባቴ መኪና ውስጥ ጸሎቱን ሲያደርስ ሰማሁት። ጀምሮ ያቋርጣል፣ እንደገና ይጀምራል። ልጄ በር ላይ ጠበቀችን። ዘመድሽ አይደለም አልኳት። ከዚያ የቀረውን ነገርኳትና ሁለታችንም ደስታችን የት እንደገባ ጠፋብን።

ከዚያ የመጣው ጥበቃ ከፍለጋው ይብስ ነበር። መንገዱ ተዘጋ። ስልኩ ሞተ። ጠዋት ሞተሩን አስነሣለሁ፣ ጤፍና ማሽላ እፈጫለሁ፣ ጆሮዬ ግን ከውጭ በሚመጣ ድምፅ ላይ ነው። ሰው በፍጥነት ሲራመድ ባየሁ ቁጥር መልእክት የያዘ ይመስለኛል። ሦስት ወንዶች አብረው ወደ ወፍጮ ቤቱ ሲመጡ ያየሁ ቀን አባቴን ወደ ውስጥ ግባ አልኩት። እህል ሊያስፈጩ ነበር የመጡት።

አንድ ቀን ከሞጣ በጎን መንገድ የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር በራችን ላይ ቆመ። ቄሱ ልከውኝ ነው አለ። «መጀመሪያ የሞተው ይቀበር» ብለዋል አለ። ሌላም ነገር ጨምረው ነበር፣ ግን ጠፍቶኛል፣ መንገዱ አስረስቶኛል አለ። ለመንኩት፣ አስታውስ አልኩት፤ ግንባሩን ይዞ አሰበ፣ አልመጣለትም።

መጀመሪያ የሞተው ይቀበር። የሞተው ማን ነው? ወንድማቸው ነው ወይስ የልጆቹ ነገር? ጋብቻው ሞቷል፣ ቅበሩት ማለታቸው ነው ወይስ የደም ካሳ እየጠየቁ ነው? የሞጣ ቄስ አንድ ቃል ተናግሮ ሁለት ይሰማል። አንድ ዓይናቸው የጠፋውን ዲያቆን ጠርቼ አስፈታኋቸው፤ እሳቸውም ሰሙን አገኘሁት፣ ወርቁ ግን ከሾፌሩ ጋር ቀርቷል አሉኝ። ልጄ ይህን ስትሰማ ተነሥታ ጓዳ ገባች።

መልሱን ያመጣው ልጁ ራሱ ነው። መንገዱን ግማሹን በመኪና ግማሹን በእግሩ መጥቶ፣ ጫማው በጭቃ ተለውሶ፣ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ልጄ ጆንያ ይዛልኝ ነበር፤ እንዳየችው ለቀቀችውና ማሽላው ተደፋ። እኔ ሞተሩን አጠፋሁ። ሞተሩ ሲቆም ቀድሞ የሰማሁት የልጁን ትንፋሽ ነው።

«አያቴ የላኩት እንዲህ ብለው ነው» አለ። «መጀመሪያ የሞተው ይቀበር፤ ከዚያ ያሉት ይጋቡ።»

አባቴ አልሰማውም። ልጄ ናት ጆሮው ላይ የነገረችው።

ተዝካሩ ሞጣ ተደረገ። ቄሱ ለወንድማቸው ያን ሁሉ ዘመን ያልተደረገለትን ፍትሐት አደረሱ፤ አባታቸውና ወንድሞቻቸው ያላለቀሱትን እሳቸው አለቀሱ። የአባቴ አክስት ልጆቻቸውን ይዘው መጥተው ከሴቶቹ ጋር ተቀመጡ። በኋላ ቄሱ በሽማግሎች ፊት የአባቴን እጅ ያዙና እናቴ የከለከለችውን ደም እኔ አላነሣውም፣ በመካከላችን ያለው ሐዘን ብቻ ነው፣ እሱንም ዛሬ አብረን አልቅሰነዋል አሉ። ሕዝቡ ሲበተን አባቴ ከእሳቸው ጋር አግዳሚ ላይ ቀረ። እኔ ዕቃ እየሰበሰብኩ አጠገባቸው ነበርኩ።

«አባ፣ የአባቴ ነፍስ የት ነው ያለችው?» አላቸው አባቴ። ከመጀመሪያው የሞጣ ጉዟችን ጀምሮ ሲያስጨንቀው የነበረው ይህ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ቄሱ ወደ እሱ ዞሩ። «በክርስትና የተቀበረ ሰው ነው» አሉት። «ልቡን ያየው ፈጣሪ ነው። እኔም አንተም አንፈርድበትም። አንተ ለአባትህ መጸለይህን አታቋርጥ።» አባቴ ጎንበስ ብሎ መስቀላቸውን ተሳለመ።

ሠርጉ ትንሽ ነበር። ጊዜው ጥሩ ስላልነበር ጭፈራው በጊዜ አበቃ፣ ሙሽሮቹም መንገዱ ሳይዘጋ ወደ ሞጣ ሄዱ።

ክረምቱ እንዳለፈ የአባቴ አክስት የወንድሜን መቃብር ሳላይ አልሞትም ብለው ቢቸና መጡ። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሙስሊም ሴት ሲገቡ ሰው ምን ይል ይሆን ብዬ ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ። አስተዳዳሪውን ቀድሜ አስፈቀድኩ፤ እህት ወንድሟን ልትጠይቅ ነው፣ ትግባ አሉኝ። መቃብሩ አጠገብ ተቀምጠው በለሆሳስ የራሳቸውን ጸሎት ጸለዩ። አባቴ ቆሞ የራሱን ጸለየ። ሲጨርሱ እጁን ያዙትና በሉ እንሂድ አሉ።

በማግስቱ መንገዱ ተዘጋና ለሳምንታት ከእኛ ጋር ቆዩ። የሚበሉበትን ዕቃ ለብቻ ገዛሁላቸው። ቀን ቀን ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ይቀመጣሉ፣ አስፈጪዎቹም ማን እንደሆኑ ሲጠይቁ አባቴ አክስቴ ናቸው ይላል። መንገዱ ሲከፈት በመጀመሪያው መኪና ሸኘናቸው። ማታውን ከፊታቸው መንገድ ላይ ተኩስ እንደነበር ተወራ። ስልክ የለም። አባቴ ከበር አልተንቀሳቀሰም፤ እኔም የምይዘው የምጥለው ጠፋኝ። በሦስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ፤ ልጄ ነበረች።

«ደርሰዋል እማዬ፣ እኛ ቤት ናቸው» አለች። አንቺስ እንዴት ነሽ ልላት ስል ተቆረጠ። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ አልገባልኝም። ለአባቴ ደርሰዋል ብዬ ጆሮው ላይ ጮኽኩለት። ከዚያ በር ላይ ሴቶች ጆንያቸውን አሰልፈው ስለነበር ስልኩን ኪሴ ከትቼ ሞተሩን ላስነሣ ገባሁ።